ሰርጉ ከቀረ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው (ከጣና ዳር፣ የግል ተሞክሮ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ከጥምቀት በፊት እንዲደርስ ብዬ ነው። በኛ አካባቢ ሰርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ነው፣ ሽማግሌ የሚላከው ግን አሁን ነው፣ እህሉ ሲሰበሰብና ቡናው ሲለቀም፣ ስለዚ አንዲት የሰባተኛ ወይ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነገር ካለ የሚወራው በዚህ ሰሞን ነው። ጌሾው ከተወቀጠ በኋላ መድረስ በጣም ይከብዳል። እህት ያላችሁ፣ መምህር የሆናችሁ፣ ጎረቤት የሆናችሁ፣ ራሳችሁም ፈርታችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች ካላችሁ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት፣ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ያደግኩት ወደ ዘጌ በኩል ነው። ዘጌን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚኬድበት ጣና ውስጥ የገባ መሬት ነው፣ ቱሪስት ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያይ የሚመጣበት። እዛ ከጥንት ጀምሮ በበሬ አይታረስም፣ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፣ ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በእንጨት ነው። የኛ ቤት ከዛ ወጣ ብሎ ነው ግን ኑሮው ብዙ አይለይም። ሴት ልጅ የቤቱ ጉልበት ነች፣ ቡና ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፣ ከዛ የተረፋት ሰዓት ላይ ነው ትምህርት። ይሄን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ እናቴም እንደዛ ነው ያደገችው።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ያለዕድሜ ጋብቻ ሲባል ብዙ ሰው ልጁን የሚጠላ አባት ስለሚታየው ነው። አባቴ ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቶቹን ካላወቃችሁ ደግሞ አንድም አባት ማሳመን አትችሉም። አንደኛ ፍርሃት ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ማለት ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ መኖር ማለት ነው፣ እዛ ልጄ ብታረግዝብኝ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ የሚል ፍርሃት። ሁለተኛ ቆማ ቀር ትባላለች የሚለው ነው፣ አስራ ስድስት አስራ ሰባት ሆኗት ጠያቂ ካልመጣ ሰው ማውራት ይጀምራል። ሦስተኛውን ከተማ ያደጉ ልጆች ብዙም አያውቁትም፣ ሰርግ ብድር ነው። አባቴ በየሰው ሰርግ ብር፣ እህል፣ በግ ሲሰጥ ነው የኖረው፣ ያ የሚመለስለት እሱ ሲድር ነው፣ ስለዚ ልጁን የማይድር ሰው በዕድሜው ሙሉ የሰጠው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። በዛ ላይ የሙሽራው አባት መሬት ያለው ከሆነ አለቀ፣ ልጄ አትራብም ብሎ ነው የሚያስበው። እነዚህን አንድ በአንድ መልስ ሳይሰጡ ሰውዬውን ኋላ ቀር ነህ ብሎ መሳደብ ልጅቷን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

የማላላን ስም የሰማሁት ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው፣ ጥቅምት 2005 አካባቢ። የሥነ ዜጋ መምህራችን ክፍል ገብታ ፓኪስታን የምትባል አገር ስዋት የሚባል ሸለቆ ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ከፈተና ስትመለስ የተማሪ መኪና ውስጥ ተተኮሰባት አለችን፣ ጥፋቷ ሴት ልጅ ትማር ማለቷ ነው። መስከረም 29 ነው የተመታችው። ታሊባኖቹ ጥር 2001 ላይ በአካባቢው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ ከልክለው ነበር፣ እሷ ደግሞ በዛን ጊዜ ገና 11 ዓመቷ ነው፣ በብዕር ስም ሆና የቀን ውሎዋን ለቢቢሲ ኡርዱ ትጽፍ ነበር። ተርፋ እንግሊዝ አገር ታከመች፣ ልክ 16 ዓመት በሞላት ቀን ሐምሌ 5 ቀን 2005 የተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ንግግር አደረገች፣ መስከረም 2007 ላይ ደግሞ ለሕፃናት መብት ከሚሟገተው ህንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት፣ በ17 ዓመቷ፣ ከእሷ በታች ኖቤል የወሰደ ሰው የለም።

ያኔ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ስለ ጥይቱ ነው የጠየቅነው። ሳድግ ግን ይበልጥ የያዘኝ ሌላው ነገር ነው፣ አባቷ። ዚያውዲን ዩሱፍዛይ ራሱ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሚያስተዳድር ሰው ነበር፣ ልጁ ስትናገር ከጎኗ የቆመ አባት። ሰው ብቻዋን ተነስታ የታገለች ያስመስላታል፣ ብቻዋን አልነበረችም። ደግሞ የሷና የኛ ይለያያል፣ እዛ በሩን የዘጋው መሣሪያ የያዘ ሰው ነው፣ እኛ ጋ ማንም አትማሩ አላለንም፣ ትምህርት ቤቱ አለ፣ ሕጉም ከኛ ጋር ነው፣ የሚዘጋው ቤት ውስጥ ነው፣ በሚወዱን ሰዎች። ስለዚ አንዲት ልጅ እኔም እንደ ማላላ እታገላለሁ ስትለኝ መጀመሪያ የምጠይቃት ቤታችሁ ውስጥ ወይ ዘመዶችሽ ውስጥ አንቺን የሚሰማ አንድ ትልቅ ሰው ማነው ብዬ ነው። ያ ሰው ሳይገኝ ጩኸት መጀመር አልመክርም።

የኔ ሰው አክስቴ ነበረች፣ ከሷ ቀጥሎ የንስሐ አባታችን። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ 2006 ኅዳር ላይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ቤቱን ጠርጋ ቄጠማ ጎዝጉዛ አየኋት፣ በዓል አይደለም፣ ገባኝ። በማግስቱ ለመምህሬ ነገርኳት፣ ያችው የሥነ ዜጋ መምህር። እሷ በቀጥታ ወደ ፖሊስ አልሄደችም፣ አክስትሽ የት ነው ያለችው ብላ ጠየቀችኝና ገበያ ቀን አፈላልጋ አገኘቻት። አክስቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን አናገረች። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አባ ቤታችን ነበሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ቁጭ በሉ እስኪባሉ በር ላይ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ አባቴ መልስ ሳይሰጥ አባ ቀደሙት፣ «ይችን ልጅ በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፣ ዕድሜዋን ከእናንተ በላይ አውቃለሁ፣ አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ይሄን ሰርግ አልባርክም፣ ሌላ ካህን ብታመጡም እነግረዋለሁ» አሉ። ከዛ ብዙ ዝምታ ሆነ። አባቴ በመጨረሻ ያለው «እንግዲህ አባ ካሉ ሚኒስትሪ ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ግን እድራታለሁ» ነው።

አለፍኩ። ግን ሚኒስትሪ ላይ ነው ሕይወቴ የተንጠለጠለው፣ እስከ ሰኔ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ እናቴ ማታ ማታ የእንጨቱን ሥራ ለታናሽ ወንድሜ አካፍላ ኩራዝ ትሰጠኝ ነበር፣ አባቴ እያየ ዝም ይላል። እማ ትልቅ ሥራ ነው የሠራችው፣ ማንም አክቲቪስት ብሎ ባይጠራትም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከዛ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም ወደየቤታችን ተመለስን፣ እዛ ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም፣ ትምህርት ከተዘጋ ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች እየተባለ ከኔ ታናናሾች በየቤቱ ይታጫሉ። ያኔ ነው ከዛው አካባቢ ወጥተን ዩኒቨርሲቲ ከደረስን ልጆች ጋር የተሰባሰብነው። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም፣ የቴሌግራም ግሩፕ ነው ያለን። ወንዶችም አሉበት፣ ወንዶቹ ደግሞ በጣም ይጠቅማሉ ምክንያቱም ሙሽራ የሚባለውን ልጅ ሄደው የሚያናግሩት እነሱ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ እሱም ልጅ ነው፣ እሱም ማግባት አይፈልግም፣ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።

አንዷን ልጅ ልንገራችሁ፣ ስሟን አልጠራም፣ ቀበሌዋንም። 2013 ጥር ላይ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ክፍል ውስጥ እጇን ነጠላ ስር ደብቃ ትቀመጣለች፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ሥሪ ሲላት አልወጣም አለች። ጎበዝ ተማሪ ነች፣ አልወጣም ብላ አታውቅም። ጠጋ ብሎ ሲያይ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል፣ እንሶስላ ሙቃለች፣ ሙሽራ እንደምትሞቀው። ቤተሰቡ ለጎረቤት የነገረው የታናሽ ወንድሟ ክርስትና ነው ብሎ ነው፣ ጠላውም ለክርስትና ተብሎ ነው የተጠመቀው። ይሄ የተለመደ ነው፣ ክርስትና ወይ ማኅበር ወይ ተዝካር እየተባለ ይደገሳል፣ አንዳንዴ ትልቋን እህት ሙሽራ አስመስለው ያስቀምጣሉ፣ ጤና ጣቢያ የዕድሜ ምርመራ ከተባለም ትልቋ ትሄዳለች። ስለዚ መምህራን እባካችሁ ጥር ላይ የሴት ተማሪዎቻችሁን እጅ እዩ፣ ፀጉር እዩ፣ ድንገት አዲስ ሹሩባ የተሠራች፣ ድንገት መቅረት የጀመረች፣ ደብተሯን ለጓደኛዋ የሰጠች ልጅ ካለች ጠይቁ።

የዛን ጊዜ መምህሩ ለርእሰ መምህሩ ነገረ፣ ርእሰ መምህሩ ወላጅ መምህር ኅብረቱን ጠራ፣ እኛ ደግሞ አንድ ቢሮ ሄድን። ቢሮው ማስረጃ አምጡ አለን፣ ልክ ነው ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ግን ነገ ተመለሱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ደብዳቤው ወጪ አልሆነም ሲባል ቀኑ እያለቀ ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። በመጨረሻ ሰርጉን ያስቆመው ቢሮው ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ሰዎችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው፣ ፖሊስ የመጣው ቅዳሜ ማታ ነው፣ እሱም አንድ ፖሊስ በራሱ ተነሳሽነት። ከዛ የተማርነው ማስረጃው ቀድሞ በእጅ መሆን እንዳለበት ነው።

ማስረጃ ስል ምንድነው፣ ገጠር ላይ የልደት ሰርተፊኬት ያላት ልጅ ጥቂት ነች። የክትባት ካርድ ካለ ጥሩ ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗም ጋ መዝገብ ሊኖር ይችላል። አንደኛ ክፍል ስትገባ የተመዘገበችበት ዕድሜ ትምህርት ቤቱ ጋ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክርስትና የተነሳችበት ነው፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው፣ የክርስትና እናት አለቻት፣ ያጠመቀው ካህን አለ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው በዓል አካባቢ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። እነዚህን ሁለት ሦስቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ ልጅቷ ጋ ሳይሆን እናንተ ጋ፣ እሷ ጋ ከተገኘ ዱላ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ሰው ያምታታል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 1992 ላይ ነው የወጣው፣ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ 1995 ላይ አውጥቷል፣ ሁለቱም የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው የሚሉት፣ ለወንድም ለሴትም። የወንጀል ሕጉ ደግሞ አንቀጽ 648 ነው፣ ከተፈቀደው ዕድሜ በታች ያለችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ወይ ከዛ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ይሄን ለሙሽራው ቤተሰብ መንገር በጣም ይሠራል፣ ልጃቸው ሊታሰር እንደሚችል ሲያውቁ ብዙዎቹ ራሳቸው ይተዉታል። ለልጅቷ አባት ግን በመጀመሪያው ቀን ሕግ ይዛችሁ አትሂዱ። አባቷ ከታሰረ አሳሳሪዋ እሷ ናት፣ ዕድሜ ልኳን። ልጆቹም የሚፈሩት ይሄንኑ ነው፣ ሰርጉን ሳይሆን አባቴን አሳሰርኩት መባልን። ሕጉ ከጀርባ ይኑር፣ አባ፣ አክስት፣ የእድር ሰብሳቢ፣ መምህር ፊት ይቅደሙ። ጠለፋ ወይ ድብደባ ካለ ግን ምንም ሽምግልና የለም፣ በቀጥታ ፖሊስ ነው፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

እንግዲህ የዛች ልጅ ሰርግ ቀረ። ሁላችንም ደስ አለን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው፣ ሪፖርትም እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ይሄን ያህል ጋብቻ ተቋረጠ ተብሎ። እሷስ? አባቷ አልመታትም ግን አላናገራትም። ለድግሱ የወጣው እህል ዕዳ ሆነ። እናቷ በሷ ምክንያት ተሰደበች። ደብተር ሲያልቅ የሚገዛላት የለም፣ ገበያ ቀን ሆነ እየተባለ ከትምህርት ትቀራለች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰርጓ የፈረሰባት እያለ ይጠራታል። መጋቢት ላይ ትምህርት አቆመች፣ ከዛ አንዲት ደላላ ባሕር ዳር የቤት ሠራተኛ አድርጋ አስገባቻት። ያገኘናት ከስንት ፍለጋ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው ሰርጉ ከቀረ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው የምለው። ልጅቷ አሁን የማታ ትማራለች፣ የምትሠራበትን ቤት እመቤት ቁጭ ብለን አናግረናት ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ትለቃታለች። ባሕር ዳር ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ለናንተም ነው የምጽፈው፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለችው ልጅ ከሰርግ አምልጣ የመጣች ልትሆን ትችላለች፣ የማታ አስመዝግቧት፣ ሰዓቱን ስጧት።

ከዛ ወዲህ አካሄዳችን ተቀየረ። አንድ ሰርግ ሲቀር በዛው ሳምንት ሦስት ነገር እንጨርሳለን፣ አንደኛው ከአባትየው ጋር መታረቅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ሰርግ እንደሚጠየቀው ሁሉ ሽማግሌ ተልኮ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ክብሩ ይመለስለታል፣ ከተቻለ ለድግስ ያወጣውን የሚያቃልልበት መንገድ ይፈለጋል፣ አንዴ የተጠመቀውን ጠላ ለእውነተኛ ማኅበር አዙረንለት ያውቃል፣ ሰውም መጣ፣ ብድሩም ተመለሰለት። ሁለተኛው ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ከ1996 እስከ 1998 ከዚህ ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ ሞሰቦ የሚባል ገጠር ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ትምህርት ላይ ላቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ አንድ የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር፣ ለልጆቹ ደግሞ የትምህርት ቁሳቁስ፣ ውጤቱም ጥሩ ስለነበር በኋላ እዚሁ አማራ ክልል እንደገና ሲሞከር ለትንንሾቹ ደብተርና ስክሪብቶ ብቻውን ጋብቻውን በጣም ቀንሶታል፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ቤተሰብ በዓመት ሁለት ዶሮ ማግኘቱ ለውጥ አምጥቷል። ዶሮ! ማለት ቤተሰቡ ልጁን የሚድረው ብዙ ብር ፈልጎ አይደለም፣ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ትቀይረዋለች። እኛ ዶሮ መግዛት ባንችልም ደብተር አናጣም።

ሦስተኛው ሞዴስ ነው። አታፍሩብኝ፣ እኔም ድሮ አፍርበት ነበር። የወር አበባ ያየች ልጅ ትምህርት ቤቱ ውኃ ያለው ሽንት ቤት ከሌለው በየወሩ ትቀራለች፣ የቀረችበትን ሒሳብ አትደርስበትም፣ ትወድቃለች፣ ከወደቀች ደግሞ አባቷ ታዲያ ምን ትሠራለች ይላል። ደግሞ በኛ አካባቢ የወር አበባ አየች ማለት ደረሰች ማለት ነው፣ ስለዚ ልጆቹ ይደብቁታል፣ ለእናታቸውም አይናገሩም። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ውስጥ አንዲት ሴት መምህር ቁልፍ ያለው ካርቶን ካላት፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ ገብታ ወስዳ መውጣት ከቻለች ይሄ ብቻውን ስንቱን ያስቀጥላል። ታጥቦ የሚደገመውም አለ፣ ግን ውኃና የሚሰጣበት ቦታ ይፈልጋል፣ ወንድሟ በሚያየው ገመድ ላይ አትሰጣውም።

ከስምንተኛ በኋላ ያለው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። አባቶች የሚፈሩት የባሕር ዳር ክራይ ቤት እውነትም ያስፈራል፣ እኔ ኖሬበታለሁ። ከገጠር የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ቅዳሜ በእግር ወይ በጀልባ ቤት ይሄዳሉ፣ እሑድ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ ስንቅ ያልቃል። በሩ ቁልፉ አይረባም፣ ሽንት ቤቱ ከግቢ ውጪ ነው፣ ልጅ መሆናቸውን አይቶ የሚያንዣብብ ጎረምሳ አለ፣ ደግ መስሎ ምሳ የሚጋብዝ ትልቅ ሰው አለ። አባቴ ልጄ እዛ ታረግዛለች ሲል ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። ስለዚ አባት ስናሳምን አትፍራ አንለውም፣ የት እንደምትኖር ወስደን እናሳየዋለን። አከራይዋ እናት የሆነች፣ እዛው ግቢ የምትኖር፣ ማታ በር የምትዘጋ ሴት መሆን አለባት፣ አባትየው መጥቶ አይቷት፣ ስልኳን ይዞ፣ ቡና ጠጥቶ ይሂድ። እመኑኝ፣ አንድ አባት አከራይዋን ካወቀ ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል። ልጆቹን ደግሞ ከአንድ ቀበሌ የመጡትን አንድ ላይ እናደርጋለን፣ አንዷ ከቀረች ሌሎቹ በዛው ቅዳሜ ወሬውን ቤት ያደርሳሉ፣ ለኛም ይነግሩናል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የተከፈተውም ይከፈታል ይዘጋል። በኮሮና ጊዜ ያየሁት ነገር ተመልሶ መጣ፣ ይሄኛው ደግሞ ረዘመ። ትምህርት ሳይኖር ትማር ብሎ መከራከር እንዴት ከባድ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፣ አባትየው የት ትማር ሲለኝ መልስ ያጣሁበት ጊዜ አለ። የምናደርገው ትንሽ ነገር ነው ግን እናድርገው ብለን እየያዝነው ነው፣ የኔን ዓይነት ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ባሉበት ሰፈር ቅዳሜና እሑድ አራት አምስት ልጆች አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መጽሐፍ ከታላላቆቻቸው እንለቅማለን፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ፣ ሌላው ይቆይ። ዋናው ነገር የትምህርቱ ብዛት አይደለም፣ ጎረቤቱ ያቺ ልጅ አሁንም ተማሪ ነች ብሎ እንዲጠራት ነው። ተማሪ እየተባለች ያለች ልጅ ላይ ሽማግሌ ለመላክ ሰው ያመነታል። የቤት ለቤቱን ነገር ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ካህናት አሳውቁ፣ በዚህ ጊዜ ሰው መሰብሰብ ጥርጣሬ ያመጣል፣ የማንም ወገን እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ።

ይሄን የምታነቢ ልጅ ካለሽ፣ ለአንቺ ደግሞ። ለመጀመሪያው ሰው ቶሎ ንገሪ፣ እርግጠኛ እስክትሆኚ አትጠብቂ። የምትነግሪው ሰው መምህር ቢሆን፣ አክስት ብትሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ብትሆን፣ ያ ሰው ዝም ካለሽ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። ከቤት ብቻሽን አትጥፊ፣ በተለይ መናኸሪያ ላይ ሥራ አስገባሻለሁ ከምትል ሴት ጋር አትሂጂ፣ ወደ ዐረብ አገርም ቢሆን። መሄድ ካለብሽ የሚቀበልሽ ዘመድ ታውቆ፣ አንድ ሰው አውቆት ነው። የክፍል ካርድሽን ፎቶ አስነሺና ለጓደኛሽ ስጪ። አባትሽ ከሽማግሌ ፊት ሳይሆን ብቻውን ሲሆን፣ ከቻልሽ በእናትሽ በኩል ንገሪው፣ ሰው ፊት እምቢ ከተባለ ክብሩን ለማስመለስ ሲል ይጠነክራል።

አባቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፣ ተምራ ሥራ ካጣችስ? እውነት ነው፣ ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጆች ሞልተዋል፣ ይሄን ክዶ መከራከር አይቻልም። እኔ የምለው እናቴ መድኃኒት ሲሰጣት አንብቤ የማስረዳት እኔ ነኝ፣ የቡናውን ዋጋ በስልክ ጠይቄ ነጋዴ እንዳያታልላቸው የማደርግ እኔ ነኝ፣ ታናሽ እህቴ አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ነች፣ ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ ራሱ ገና ተማሪ ናት ብሎ መለሳቸው፣ እኔን ሳይጠይቅ። ለአባቶች ይሄን ስነግራቸው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያስባል።

ባሕር ዳር ውስጥ በአነስተኛ ዋጋ ለሴት ተማሪዎች የምታከራዩት ክፍል ያላችሁ፣ በተለይ እዛው ግቢ የምትኖሩ እናቶች፣ በአቅራቢያችሁ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ጋ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ክበቡን የያዘችው መምህር ልጆቹን ታውቃቸዋለች። የተረፈ የሰባተኛና የስምንተኛ መጽሐፍ ያላችሁ እዛው ስጡ። የሕግ ምክር የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ፣ ስትሄዱ የልጅቷን ካርድና የዕድሜ ማስረጃ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ ሁሉ ከጥምቀት በፊት ቢሆን ይመረጣል።